የቀለም ድንበር፤ ፖለቲካ በአውሮፓ የቴክኒክ ደረጃዎች ላይ ያሳረፈው እጅ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ቴክኒክ ደረጃ ሲነገር በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ሥዕል የታወቀ ነው። በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ መሐንዲሶች ይቀመጣሉ፤ የላቦራቶሪ ውጤት ይነጻጸራል፤ የተሻለው ይመረጣል፤ ፊርማ ይደረግና ሁሉም ወደየአገሩ ይመለሳል። ሙያው ራሱን በዚህ መልክ ማየት ይወዳል፤ ትምህርት ቤትም የሚያስተምረው ይኸንኑ ነው። ያለፉት ስድሳ ዓመታት የአውሮፓ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ጠረጴዛው አለ፤ መሐንዲሶቹም አሉ፤ ነገር ግን ከየወንበሩ በስተኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የንግድ ሚኒስቴር፣ አንዳንድ ጊዜም የስለላ ድርጅት ቆሞ ይገኛል። (በዚህ ንግግር ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ከወዲሁ ይታወቅ።)

ደረጃ ማለት ማን ለማን መሣሪያ እንደሚሸጥ፣ ማን ለማን የፈጠራ መብት ክፍያ እንደሚከፍል፣ ማን የማንን ንግግር ሊያዳምጥ እንደሚችል አስቀድሞ የሚወስን ስምምነት ነው። ይህ ከሆነ መንግሥታት እጃቸውን ማስገባታቸው የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ነገሩ ለረጅም ጊዜ እንደ ነውር ተቆጥሮ ሲሸፋፈን መኖሩ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከባለ ቀለም ቴሌቪዥን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። አሜሪካ ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. የተባለውን ሥርዓት በዲሴምበር 1953 አጸደቀች። ጥቁርና ነጭ መሣሪያ ያለው ተመልካች ባለ ቀለሙን ሥርጭት ያለ ቀለም እንዲያየው ስላስቻለ፣ ሥርዓቱ በጊዜው ትልቅ የጥበብ ሥራ ነበር። ድክመቱ የቀለሙ ዓይነት በምልክቱ ፌዝ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። ምልክቱ በመንገድ ላይ ጥቂት ከተዛባ የዘፋኟ ፊት አረንጓዴ ይመስላል፤ ተመልካቹም እየተነሣ የመሣሪያውን ቁልፍ ማስተካከል ይኖርበታል። የአሜሪካ መሐንዲሶች ራሳቸው የሥርዓቱን ምሕጻር እየፈቱ «ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም የማያሳይ» ሲሉ ይቀልዱበት ነበር።

ለዚህ ድክመት ሁለት አውሮፓውያን ሁለት መድኃኒት አገኙ። ፈረንሳዊው አንሪ ደ ፍራንስ በ1956 ባቀረበው አሳብ መሠረት፣ ሁለቱ የቀለም ምልክቶች በአንድ ጊዜ መላካቸው ቀርቶ በየመስመሩ እየተፈራረቁ ይላካሉ፤ ተቀባዩ መሣሪያ ያለፈውን መስመር ቀለም ለ64 ማይክሮሴኮንድ ይዞ ያቆይና ከሚቀጥለው ጋር ያጣምረዋል። ሴካም የተባለው ሥርዓት የተወለደው ከዚህ ነው። ለቴሌፉንከን ኩባንያ በሃኖቨር ከተማ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ዋልተር ብሩኽ በበኩሉ የአሜሪካኑን ሥርዓት መሠረት ሳይለቅ፣ የአንደኛው ቀለም ምልክት ፌዝ በየመስመሩ እንዲገለበጥ አደረገ። በአንዱ መስመር ላይ የደረሰው መዛባት በሚቀጥለው መስመር ላይ በሚደርሰው ተቃራኒ መዛባት ይካካሳል። ይህ ፓል ነው። ብሩኽ የፈጠራ መብት ማመልከቻውን ያስገባው በ1962 የመጨረሻ ቀን ሲሆን፣ በጃንዋሪ 3 ቀን 1963 ሥርዓቱን ለአውሮፓ የብሮድካስቲንግ ኅብረት ባለሙያዎች በተግባር አሳየ። የፓል መሣሪያም ያንኑ ምልክቱን ለ64 ማይክሮሴኮንድ የሚያዘገይ ክፍል ይጠቀማል። ሁለቱ ተቀናቃኞች የአንድ እናት ጡት የጠቡ ያህል ነበሩ።

ኅብረቱ ሦስቱን ሥርዓቶች የሚመረምር የባለሙያዎች ቡድን ያቋቋመው በ1962 ነው። ሦስቱም ለሥራ የሚበቁ ነበሩ። ሴካም በረጅም መስመር ሲጓዝ በቀላሉ አይዛባም፤ ዳሩ ግን በስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ሥዕል ማደባለቅ ሲያስፈልግ ለባለሙያው ራስ ምታት ነው። ፓል ለስቱዲዮው ምቹ ነው፤ በመጀመሪያ ጊዜ የመሣሪያው ዋጋ ግን ከበድ ይል ነበር። ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. በአሜሪካ ዓመታት የሠራ፣ የተፈተነ ሥርዓት ነው። እንግዲህ ጥያቄው የመሐንዲሶች ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሦስቱ አንዱ፣ ምናልባትም ዕጣ በመጣል እንኳ ቢሆን፣ ለመላው አውሮፓ በተመረጠ ነበር። አውሮፓ ጥቁርና ነጩን በ625 መስመር ለማስማማት በተቃረበበት በዚያን ጊዜ አንድ የቀለም ሥርዓት ማግኘት ሩቅ ሕልም አልነበረም።

ነገር ግን ፈረንሳይን የሚመራው ጄኔራል ደ ጐል ነበር። ደ ጐል በጃንዋሪ 1963 እንግሊዝ ወደ አውሮፓ የጋራ ገበያ እንዳትገባ በሩን ዘጋ፤ በ1964 መጀመሪያ ለሕዝባዊት ቻይና ዕውቅና ሰጠ፤ በ1966 ፈረንሳይን ከሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን የተጠቃለለ የጦር ዕዝ አወጣ። አሜሪካ ለፈረንሳይ የአቶሚክ ፕሮግራም የሚያገለግሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች እንዳይሸጡ መከልከሏም የፓሪስን ሰዎች አንገብግቧቸዋል፤ በ1966 የተጀመረው ብሔራዊ የኮምፒውተር ፕላን ከዚህ ቁጣ ጋር የተያያዘ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሴካም የቴሌቪዥን ሥርዓት ብቻ ሆኖ ሊቀር አልቻለም፤ ፈረንሳይ ከአሜሪካም ከጀርመንም ሳትበደር በራሷ እጅ የሠራችው የክብር ዕቃ ሆነ።

ዓለም አቀፉ የሬዲዮ አማካሪ ኮሚቴ ጉዳዩን ለመምከር በቪየና የተሰበሰበው በማርች 24 ቀን 1965 ነበር። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ በማርች 22፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት በባለ ቀለም ቴሌቪዥን ረገድ ሴካምን መሠረት አድርገው ለመተባበር ተፈራረሙ። መሐንዲሶቹ ሻንጣቸውን ይዘው ቪየና ሲደርሱ ክርክሩ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። ሞስኮ ከስምምነቱ የምታገኘው ግልጽ ነው፤ የፈረንሳይን ቴክኒክ በእጇ ታስገባለች፤ ለምዕራብ ጀርመን ኩባንያ የፈጠራ መብት ክፍያ ከመክፈል ትድናለች፤ በምዕራቡ ጐራ ውስጥ የተከፈተውን ስንጥቅም ታሰፋለች። ፓሪስ የምታገኘው ደግሞ ከኤልብ ወንዝ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚዘረጋ ገበያና፣ ከዋሽንግተን ፈቃድ ሳትጠይቅ ከሞስኮ ጋር የምትነጋገር ኃያል አገር መሆኗን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። የቀለም ጥራት በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

ኮሚቴው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1966 በጋ፣ በኦስሎ እንደገና ተሰበሰበ። የሶቪየት ባለሙያዎች የሴካምንና የፓልን ጠባይ በከፊል የሚያቀራርብ አዲስ ልዩነት ይዘው መጥተው ስለ ነበር የማስታረቅ ተስፋ ብልጭ ብሎ ነበር። ሁሉም ለየራሱ ሥርዓት ገንዘብና ስም አፍስሶ ስለ ነበር ግን ተስፋው ሳይውል ሳያድር ጠፋ። ከኦስሎ በኋላ እያንዳንዱ መንግሥት በየፊናው ሄደ።

በ1967 ሁለቱም ወገኖች ሥራ ጀመሩ። እንግሊዝ በጁላይ 1 ቀን የዊምብልደንን የቴኒስ ውድድር በፓል አሳየች። በኦገስት 25 ቀን የምዕራብ ጀርመን ምክትል ቻንስለር ዊሊ ብራንት በበርሊን የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ቁልፍ ተጭኖ የባለ ቀለሙን ዘመን አበሠረ። ቁልፉ ለይስሙላ የተቀመጠ ኖሮ፣ ብራንት እጁን ሳያሳርፍበት ቀለሙ ቀድሞ መጣ፤ መሐንዲሱ ከመጋረጃው በስተኋላ ቸኩሎ ኖሯል። ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት በኦክቶበር 1 ቀን፣ በአንድ ቀን፣ በሴካም ተከተሉ። ቀኑ የተገጣጠመው በአጋጣሚ እንዳልሆነ ለማወቅ የዲፕሎማሲ ትምህርት አያስፈልግም።

ውሳኔው በተራ ሰው ቤት ውስጥ ምን እንዳስከተለ በግልጽ የታየው በተከፈለችው ጀርመን ነው። ምሥራቅ ጀርመን ሃያኛ ዓመቷን ለማክበር ስትዘጋጅ፣ በኦክቶበር 3 ቀን 1969፣ የበርሊኑን የቴሌቪዥን ግንብ መርቃ በዚያው ዕለት ባለ ቀለም ሥርጭት በሴካም ጀመረች። ጥቁርና ነጩ የሥዕልና የድምፅ አላላክ ግን ከምዕራብ ጀርመን ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ቀረ። ስለዚህ የላይፕሲግ ወይም የምሥራቅ በርሊን ቤተሰብ አንቴናውን ወደ ምዕራብ አዙሮ የምዕራቡን ዜና መስማትም ማየትም ይችል ነበር፤ የሚያየው ግን ያለ ቀለም ነበር። ግንቡ በአየር ላይ ሊቆም ስላልቻለ ቀለሙን ብቻ አስቀረ። ሕዝቡም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ የሬዲዮ ጥገና የሚያውቁ ሰዎች የፓል መፍቻ ሰሌዳ እየሠሩ በየሴካሙ መሣሪያ ውስጥ ያስገቡ ጀመር። በመጨረሻም የመንግሥቱ ፋብሪካ ራሱ ሁለቱንም የሚቀበል መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ከምዕራቡ ማሰራጫ ርቃ በሸለቆ ውስጥ የምትገኘው የድሬስደን አካባቢ ሰው ግን የምዕራቡን ሥርጭት ሳያገኝ ቀረ፤ ቀልደኞች ያን ሥፍራ «የምንም አያውቄዎች ሸለቆ» ይሉት ነበር። ጀርመን በ1990 ስትዋሐድ የምሥራቁ ማሰራጫ ጣቢያ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ፓል ተዛወረ። የሃያ አንድ ዓመት የመንግሥት ፖሊሲ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሻረ።

የቀረው የአውሮፓ ካርታም ከቴክኒክ መጽሐፍ ይልቅ በፖለቲካ መጽሐፍ የሚነበብ ነው። ከሞስኮ ቀንበር ውጭ የሆነችው ዩጐዝላቪያ ፓልን መረጠች፤ በዋርሶ ቃል ኪዳን ውስጥ ሆና በራሷ መንገድ መሄድ የምትወደው ሩማንያም እንዲሁ አደረገች። ግሪክ ከወታደራዊው አገዛዝ መውደቅ በኋላ ከፈረንሳይ ጋር በተወዳጀችበት ጊዜ ሴካምን ያዘች፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመልሳ ፓልን ወሰደች። ኢጣሊያ ፓሪስና ቦን ከሁለት ወገን ሲጐትቷት ዓመታት አሳልፋ፣ በ1977 ብቻ ነው በይፋ ፓልን የጀመረችው። በአፍሪካም ቢሆን የቀድሞዎቹ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች በብዛት ሴካምን ተከተሉ። ኢትዮጵያ በ1964 የጀመረችውን የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1984 ወደ ባለ ቀለም ስታሸጋግር የያዘችው ፓልን ሲሆን፣ በባቡር ሐዲድ የተሳሰረችው ጎረቤቷ ጅቡቲ ግን የሴካም አገር ነበረች። ለአንዱ ሥርዓት ብቻ የተሠራ መሣሪያ የሌላውን ቀለም አያሳይም። የዚህ ድንበር መነሻ የሚገኘው በማርች 1965 በተፈረመው ወረቀት ውስጥ መሆኑን መሣሪያ የሚጠግኑት ባለሙያዎች ስንቶቹ ያውቁት ነበር?

ከባንዲራው በስተጀርባ ንግድ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ቴሌፉንከን የፓልን ፈቃድ ለጃፓን ኩባንያዎች ሲሰጥ በመጠን ገድቦ፣ ትልልቅ መሣሪያ ወደ አውሮፓ እንዳያስገቡ ለዓመታት ተጠቅሞበታል። የፈረንሳይም ገበያ በሴካም አጥር ተከልሎ ቆየ። አጥሩ አልበቃ ሲልም ፓሪስ በኦክቶበር 1982 ወደ አገር የሚገባ የቪዲዮ መቅጃ ሁሉ ከወደብ ርቃ በምትገኘው በፑዋቲየ ከተማ ባለች አንዲት ትንሽ የጉምሩክ ጽሕፈት ቤት እንዲያልፍ አዘዘች። ቻርልስ ማርቴል በ732 የዐረቦችን ጦር የመለሰው በዚያች ከተማ አጠገብ መሆኑን የጃፓን ነጋዴዎች ሳይነገራቸው አልቀረም።

አውሮፓ ከዚህ ሁሉ ምን ተማረች ቢባል፣ መጀመሪያ የተማረችው የተሳሳተውን ትምህርት ይመስላል። በ1986 በዱብሮቭኒክ በተደረገው ስብሰባ ጃፓን በአሜሪካ ድጋፍ የራሷን ባለ 1125 መስመር ከፍተኛ ጥራት ያለው ቴሌቪዥን የዓለም ደረጃ እንዲሆን ስትጠይቅ፣ አውሮፓውያን በአንድ ድምፅ እንቢ አሉ። ያን ጊዜ ፈረንሳይና ጀርመን በአንድ ወገን ነበሩ። ኤች.ዲ.ማክ የተባለ የራሳቸው ሥርዓት ተነደፈ፤ ብዙ የሕዝብ ገንዘብ ወጣበት፤ በ1992 የአልበርቪልና የባርሴሎና ኦሊምፒክ ጨዋታዎች በእርሱ ታዩ፤ በ1993 ተተወ። አሜሪካ ውስጥ በ1990 አንድ ኩባንያ ሥዕሉን በሙሉ በዲጂታል መላክ እንደሚቻል ስላሳየ፣ አውሮፓና ጃፓን የሚጣሉበት ዓይነት ቴክኒክ ሁለቱም እጅ ላይ አርጅቶ ነበር። አጥር ሊጠብቅ የሚችለው በውስጡ የበቀለ ነገር ካለ ብቻ ነው። ከዚያ ውድቀት በኋላ በ1993 የተቋቋመው ዲ.ቪ.ቢ. የተባለው የዲጂታል ሥርጭት ማኅበር ኩባንያዎችን በገዛ ፈቃዳቸው አሰባስቦ የሠራው ደረጃ ከአውሮፓ አልፎ በብዙ የአፍሪካ አገሮችም ተይዟል። ፈረንሳይ የመጨረሻውን የሴካም ሥርጭት ያጠፋችው በኖቬምበር 29 ቀን 2011 ነው፤ በክርክሩ የተካፈሉት ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

ተሳካ የተባለው የአውሮፓ ደረጃ የተንቀሳቃሽ ስልኩ ጂ.ኤስ.ኤም. ነው። የአውሮፓ የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን አስተዳደሮች ጉባኤ በ1982 የሥራ ቡድኑን ሲያቋቁም በአህጉሩ ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይግባቡ የተለያዩ የመኪና ስልኮች ነበሩ። በ1987 መጀመሪያ ቡድኑ በማዴይራ ሲሰበሰብ አብዛኞቹ አገሮች ጠባብ የሞገድ ስፋት የሚጠቀመውን ሥርዓት ሲመርጡ፣ ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን ኩባንያዎቻቸው የደከሙበትን ሰፊውን ሥርዓት ይዘው ቆሙ። ያን ጊዜ ግን እንደ 1965ቱ አልሆነም። በሜይ 1987 የአራቱ ትልልቅ አገሮች ሚኒስትሮች በቦን ተገናኝተው የሁለቱ አገሮች አቋም ተለወጠ፤ በሴፕቴምበር 7 ቀን በኮፐንሃገን የ13 አገሮች የስልክ ድርጅቶች በአንድ ቀን አገልግሎት ለመጀመር ተፈራረሙ። የጋራ ገበያው ምክር ቤትም ለአዲሱ ስልክ የሚውለውን 900 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ በየአገሩ ነጻ እንዲደረግ በመመሪያ አዘዘ። የመጀመሪያው ጥሪ በፊንላንድ በጁላይ 1 ቀን 1991 ተደረገ። ፖለቲካ እዚህም ነበረ፤ ልዩነቱ የተወሰነለትን የቴክኒክ ውጤት ተቀብሎ ገበያውን ማዘጋጀቱ ነው።

ሆኖም የጂ.ኤስ.ኤም. ታሪክ በመመረቂያ ንግግሮች ውስጥ የማይጠቀስ ሌላ ገጽ አለው። ንግግሩን በአየር ላይ ከጠላፊ የሚጠብቀው ምስጢራዊ ቁልፍ ምን ያህል ጠንካራ ይሁን በሚለው ጥያቄ ላይ በ1980ዎቹ በምዕራቡ ጐራ ውስጥ ብርቱ ጠብ ነበር። ምዕራብ ጀርመን ከምሥራቁ ጋር ረጅም ድንበር ስላላት፣ የዜጎቿም ንግግር ከድንበሩ ማዶ ሊጠለፍ ስለሚችል ጠንካራ ቁልፍ ፈለገች። ሌሎች፣ በተለይም እንግሊዝ፣ የራሳቸው የስለላ ድርጅቶች እንዳይቸገሩ ደካማውን መረጡ። የምስጢር ጽሕፈት ሊቅ የነበረው የካምብሪጁ ሮስ አንደርሰን ይህን ጠብ በ1994 ጽፎታል፤ በጊዜው በሥራው የነበሩ የኖርዌይና የኔዘርላንድ ባለሙያዎችም በ2014 ለአንድ የኖርዌይ ጋዜጣ አረጋግጠዋል። ውጤቱ ስሙ 64 ቢት ሆኖ ዐሥሩ ቢት ዜሮ የተደረገበት፣ ማለት በእውነቱ 54 ቢት ብቻ የሆነ ቁልፍ ነበር።

ይህም ለአውሮፓ ሲሆን ነው። ከአውሮፓ ውጭ ለሚሸጥ መሣሪያ ኤ5/2 የሚባል፣ ከመጀመሪያውም የባሰ ደካማ እንዲሆን የተደረገ ሌላ ዓይነት ተዘጋጀ። በ1999 ይፋ ከሆነ በኋላ ባለሙያዎች ለመፍታት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ አዲስ የሚወጡ ስልኮች እንዳይቀበሉት የስልክ ድርጅቶቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር የወሰነው ግን በ2006 ነው። በ2021 ደግሞ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ጂ.ፒ.አር.ኤስ. በተባለው የመረጃ አገልግሎት ውስጥ የነበረውን ጂ.ኢ.ኤ.-1 የተባለ ቁልፍ መርምረው፣ 64 ቢት ነው የተባለው ከ40 ቢት የማይበልጥ ጥንካሬ እንዳለው፣ ይህም በአጋጣሚ ሊሆን እንደማይችል በሒሳብ አሳዩ። ደረጃውን ያወጣው ድርጅትም በዘመኑ የነበረውን የወጪ ንግድ ቁጥጥር ደንብ ተከትሎ የተሠራ መሆኑን አመነ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። የደረጃው ሰነድ በሺህ በሚቆጠሩ ገጾች ስለ ጥራትና ስለ ተስማሚነት ይናገራል፤ አንዱ ክፍል ሆን ተብሎ እንዲደክም መደረጉ ግን በየትኛውም ገጽ አልተጻፈም። መሣሪያውን በቅን ልቡና ገዝቶ የተከለው የታዳጊ አገር መሐንዲስ ለደንበኞቹ «ንግግራችሁ የተጠበቀ ነው» ሲል ሳያውቅ ሐሰት ተናግሯል። በዚህ ንግግር ከሚጠቀሱት ሁሉ ለሙያው ሥነ ምግባር ከባዱ ይኸው ነው።

የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚው የጋሊሊዮ ታሪክ አጠር ባለ መልኩ ቢነገር በቂ ነው። አውሮፓ ከአሜሪካው ጂ.ፒ.ኤስ. ጥገኝነት ለመላቀቅ ስታስብ፣ የአሜሪካ ምክትል የመከላከያ ሚኒስትር ፖል ዎልፎዊትዝ በዲሴምበር 2001 ለአውሮፓ ሚኒስትሮች ሥጋታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፉ። የጠቡ መነሻ የአውሮፓው ምልክት በአሜሪካ ጦር ምልክት ሞገድ ላይ ቢደረብ አሜሪካ በጦርነት ጊዜ አንዱን ሳታውክ ሌላውን ማወክ አለመቻሏ ነበር። በጁን 2004 በተፈረመው ስምምነት አውሮፓ የምልክቷን ቅርጽ ለወጠች። በ2003 ሁለት መቶ ሚሊዮን ዩሮ ለማዋጣት ተስማምታ በክብር የገባችው ቻይና ቀስ በቀስ ከምስጢራዊው ሥራ ተገለለችና ቤይዱ የተባለውን የራሷን ሥርዓት ሠርታ በ2020 አጠናቀቀች። ለጋሊሊዮ ብዙ የደከመችው እንግሊዝም ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ለመንግሥታት ብቻ ከተጠበቀው ምልክት ውጭ ሆነች።

አሁን ያለው ዘመን ከዚህ የቀጠለ ነው። በአምስተኛው ትውልድ የስልክ መረብ ላይ የተነሣው ክርክር ቻይናዊውን ሁዋዌን የሚመለከት ይሁን እንጂ ጥያቄው የቆየ ነው፤ የአገር የነርቭ ሥር የሆነውን መሣሪያ ማን ይሥራው? የአውሮፓ ኅብረት በጃንዋሪ 2020 ለአባል አገሮች የጋራ የጥንቃቄ ርምጃዎች ዝርዝር አወጣ። ሰነዱ የአንድም ኩባንያ ስም አይጠራም፤ «ከፍተኛ አደጋ ያለው አቅራቢ» ይላል እንጂ። የአደጋው መመዘኛ መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ የአቅራቢው አገር መንግሥት በኩባንያው ላይ ሊያሳድር የሚችለው ተጽዕኖና የአገሩ የሕግ ሥርዓት ጭምር ነው። ይህ አዲስ ነገር ነው። አንድ መሐንዲስ የሬዲዮ ጣቢያን በመለኪያ ሊመረምር ይችላል፤ የአንድን መንግሥት የነገ አሳብ የሚለካ መሣሪያ ግን የለውም።

አባል አገሮቹም እንደየጥቅማቸው ሄዱ። እንግሊዝ በጁላይ 2020 የሁዋዌ መሣሪያ እስከ 2027 መጨረሻ ከአምስተኛው ትውልድ መረብ እንዲወጣ ወሰነች፤ ስዊድን በዚያው ዓመት በኦክቶበር ከለከለች፤ የስዊድኑ ኤሪክሰን ራሱ ውሳኔውን አለመውደዱ፣ በቻይና ያለውን ገበያ ፈርቶ፣ ለማስታወስ የሚገባ ነው። ለቻይና ብዙ መኪና የምትሸጠው ጀርመን ለዓመታት ስታመነታ ቆይታ፣ በጁላይ 2024 ከስልክ ድርጅቶቿ ጋር በተደረሰ ስምምነት የሁለቱን የቻይና ኩባንያዎች መሣሪያ ከመረቡ ማዕከል እስከ 2026 መጨረሻ፣ ከአንቴናዎቹ መረብ አስተዳደር ሥርዓትም እስከ 2029 መጨረሻ ለማስወጣት ቀን ቈረጠች። የብራስልሱ ኮሚሽን በጁን 2023 ሁዋዌንና ዜድ.ቲ.ኢ.ን በስም ጠርቶ አደጋቸው ከሌሎች ይበልጣል ብሏል። ከምዕራብ በኩልም ቢሆን ግፊቱ አልቀረም። አውሮፓ በትልልቆቹ የአሜሪካ የዲጂታል ኩባንያዎች ላይ ያወጣችውን ሕግ ምክንያት በማድረግ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በኦገስት 2025 ተጨማሪ ቀረጥ እንደሚጥሉ አስጠንቅቀዋል።

ለዚህ ማኅበር አባላት ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ብዙም ያልተወራለት የዲሴምበር 2022 ደንብ ነው። ጂ.ኤስ.ኤም.ን የወረሰው የአውሮፓ የቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃዎች ተቋም፣ በ1988 በደቡብ ፈረንሳይ የተቋቋመው ኤትሲ፣ ኩባንያዎችን በቀጥታ አባል የሚያደርግ፣ ድምፃቸውንም ከገቢያቸው ጋር የሚያመዛዝን ድርጅት ነው። ይህ ክፍትነት ለስኬቱ ምክንያት ነበር። ነገር ግን የአሜሪካና የቻይና ታላላቅ ኩባንያዎች በአውሮፓ ባላቸው ድርጅት በኩል አባል ሆነው ስለሚመርጡ፣ ኮሚሽኑ የአውሮፓን ሕግ የሚያስፈጽም ደረጃ እንዲጻፍ ሲጠይቅ ድምፁን የሚሰጡት ከአውሮፓ ውጭ የሆኑ ፍላጎቶች ሊሆኑ እንደሚችሉ ብራስልስ አሰበች። አዲሱ ደንብ ኮሚሽኑ የሚያዝዛቸውን ደረጃዎች የሚመለከቱ ውሳኔዎች በኅብረቱና በአውሮፓ የኢኮኖሚ አካባቢ አገሮች ብሔራዊ የደረጃ መሥሪያ ቤቶች ብቻ እንዲሰጡ አደረገ። ኩባንያዎቹ ይጽፋሉ፣ ይከራከራሉ፣ ባለሙያ ይልካሉ፤ በመጨረሻው ሰዓት ግን እጅ የሚያወጣው ብሔራዊው ተወካይ ነው።

ደንቡን እንደ 1965ቱ ስሕተት መድገሚያ አድርገው የሚያዩ አሉ። ፍርዳቸው የቸኮለ ይመስላል። በ1965 መንግሥታት የቴክኒክ ሥራው ሳያልቅ መልሱን ይዘው መጡ፤ የ2022ቱ ደንብ ግን መልሱን አይሰጥም፤ መልስ የሚሰጡትን ሰዎች ነው የሚወስነው። ይህ ማለት ደንቡ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ከትንሽ አገር የሚመጣ ብሔራዊ ተወካይ ስለ ሞገድ ክፍፍል ወይም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፈተና በቂ ዕውቀት ያለው ባለሙያ ከኋላው ከሌለው፣ ድምፁን የሚሰጠው ትልቁ ጎረቤቱ እንደ ነገረው ነው። ቤጂንግም ሆነ ዋሽንግተን ይኸንኑ አርአያ ቢከተሉ ኤሪክሰንና ኖኪያ በሌላው ዓለም የነበራቸው ወንበር ይጠባል። ኖኪያ ከመላው ዓለም ገበያ የኖረው ደረጃው የመላው ዓለም ስለ ሆነ ነው።

ከአውሮፓ ውጭ ያለው ትልቁ መድረክ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው፤ ኢትዮጵያ ከ1932 ጀምሮ አባሉ ናት። በ2022 በቡካሬስት በተደረገው ጉባኤ ለዋና ጸሐፊነት የተወዳደሩት አንዲት አሜሪካዊትና አንድ ሩስያዊ ነበሩ። የዩክሬን ጦርነት በተጀመረ በሰባተኛው ወር ነበርና ምርጫው ከቴክኒክ ሹመት ይልቅ የመንግሥታት የእጅ ቈጠራ መሰለ። አሜሪካዊቷ ዶሪን ቦግዳን ማርቲን በ139 ድምፅ ለ25 አሸነፉ። በዚያ አዳራሽ ለእያንዳንዱ አገር አንድ ድምፅ ነው ያለው። ደረጃዎቹ ራሳቸው የሚጻፉት ግን በምርጫው ቀን ሳይሆን፣ በመካከሉ ባሉት ዓመታት በጄኔቫ በሚሰበሰቡት የጥናት ቡድኖች ውስጥ ነው። እዚያ የሚቀመጠው ሰነድ አዘጋጅቶ፣ የአውሮፕላን ትኬት ቈርጦ፣ በየስብሰባው የሚገኝ ባለሙያ ነው፤ ከብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች በኩል ያ ወንበር አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ከቻይና፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ በኩል ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም።